መድኃኒቱን ከሰጣችሁን አወሳሰዱንም ስጡን

ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጎንደር

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ፤
በከተማችን ለምትገኙ የሆስፒታል፣ የጤና ጣቢያና የግል መድኃኒት ቤት ኃላፊዎችና ባለሙያዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የታዘዘ መድኃኒት አወሳሰድ ታካሚው በሚገባው መንገድ እንዲገለጽለት ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጥምቀትን በሰላም አሳልፈናል፤ እንግዶቻችንም ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ከተማዋ ወደ ወትሮ ሥራዋ ስትመለስ እኔም ላቆየው የማልፈልገውን ጉዳይ ይዤ መጣሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ኑሮዬ አዘዞ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ፋርማሲስትም አይደለሁም። ይሁንና ጎረቤቶቼ ከሕክምና ሲመለሱ መድኃኒታቸውን በፌስታል እንዳንጠለጠሉ ወደ ቤቴ ጎራ ይላሉ። «እስቲ ጋሼ፣ ይችን ይዩልኝ፤ ምን ትላለች?» ይሉኛል። መድኃኒቱ ተገኝቷል። ሰውየው ካርድ አውጥቶ፣ ተመርምሮ፣ ላብራቶሪ ደጅ ጠንቶ፣ ገንዘቡንም ከፍሎ ነው የመጣው። የጎደለው እንዴት እንደሚወስደው ማወቁ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ፊደል ባልቆጠረው ላይ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ፤ ዲግሪ ያላቸው የቀድሞ ተማሪዎቼም ይህንኑ ጥያቄ ይዘው መጥተዋል።

ልመናዬን አስቀድሜ ልናገር። ማንም ታካሚ ወይም አስታማሚ አወሳሰዱን በራሱ አንደበት መልሶ ሳይናገር፣ በአማርኛና በእኛ ሰዓት ተጽፎም ሳይሰጠው ከመድኃኒት መስጫው መስኮት አይሂድ።

ከጎረቤቶቼ የአንዷን ላንሣ። እማማ እንላቸዋለን፤ ሰባን ተሻግረዋል፤ ግፊትም ስኳርም አለባቸው። ፌስታላቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረግፉት አራት ዓይነት ኪኒን ወጣ። ሁለቱ በካርቶናቸው ናቸው፤ አንዱ ካርቶኑ የለም፤ አንዱ በትንሽ ነጭ ወረቀት ተጠቅልሏል። በአንደኛው ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ «1×1»፣ በሁለተኛው ላይ «1×2» ተጽፏል። በነጩ ወረቀት ላይ ምንም የለም፤ የመድኃኒቱ ስም እንኳ የለም።

«1×1» የተባለው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው፤ ሽንት እያበዛ ግፊት የሚቀንስ ኪኒን። ባለሙያዎች ይህን ጠዋት ውሰዱ የሚሉት ሌሊት ለሽንት እያስነሣ እንቅልፍ እንዳይነሣ ነው። እማማ ግን ስለ ጊዜው የነገራቸው ስላልነበረ «ስተኛ ይሻላል» ብለው ማታ ማታ ይወስዱታል። በዚያ ዕድሜያቸው በጨለማ እየተነሡ፣ ግድግዳ እየዳበሱ፣ ግቢውን አቋርጠው መጸዳጃ ቤት ሲመላለሱ ያድራሉ። አንድ ሌሊት ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር ኖሮ ያ ስብራት ከዚህች «1×1» ጋር ይያያዛል ብሎ የሚያስብ ማን ነበር?

«1×2» የተባለው የስኳር ኪኒኑ ሜትፎርሚን ነው። እሱንማ ከነጭራሹ ትተውታል። «ሆዴን እያገላበጠ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ቅዳሴ ላይ ሊያስመልሰኝ ሲል ጊዜ ተውሁት» አሉኝ። ይህ ኪኒን ከምግብ ጋር ሲወሰድ ሆድ ማስቸገሩ እንደሚቀንስ፣ አብዛኛው ሰውም እየቆየ እንደሚለምደው የነገራቸው የለም። የቀረባቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ እሷ በመጉደሏ ስኳራቸው ለወራት ያለ መድኃኒት ቆየ። እኔ በራሴ የወሰንሁላቸው ነገር የለም። ፌስታሉን እንዳለ ይዘን ወደ ባለሙያ ተመለስን፤ አንዲት ወጣት ባለሙያ አጠገባቸው ተቀምጣ እያንዳንዱን እያነሣች ለምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚወሰድ አስረዳቻቸው። ብዙም ጊዜ አልፈጀባት። እማማ ዛሬ አራቱንም ለይተው ያውቃሉ፤ «ይህ የግፊቴ፣ ይህ የስኳሬ» እያሉ ያሳዩኛል።

«1×2» ለባለሙያ አንድ ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ ማለት መሆኑ ግልጽ ነው። ለሌላው ሰው ግን አይደለም። አንዱ ሁለቱን ፍሬ በአንዴ ሲውጥ፣ ሌላው አንዱን ፍሬ ለሁለት ከፍሎ ሲወስድ አይቻለሁ። ሁለቱም የተጻፈላቸውን በትክክል የፈጸሙ መስሏቸው ነበር።

የሰዓቱን ጉዳይ ሰፋ አድርጌ ላንሣው፤ እዚህ ላይ የሚደርሰው ጥፋት በቀላሉ የሚድን ነውና። ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት በየ8 ሰዓቱ እንዲወሰድ ሲታዘዝ የሚፈለገው መድኃኒቱ ሌት ተቀን ከሰውነት ሳይጠፋ እንዲቆይ ነው። በመስኮቱ ግን የሚነገረን «በቀን ሦስቴ» ነው። በእኛ ቤት ሦስቴ ማለት ቁርስ፣ ምሳና እራት ነው። ሰውየው ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይውጣል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል 5 ሰዓት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል 6 ሰዓት፣ ከማታው እስከ ጠዋቱ ደግሞ 13 ሰዓት ይሆናል። ሦስት ጊዜ ወስዷል፤ የታዘዘለትን ግን አልወሰደም። «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍለት ኖሮ ስህተት አይኖርም ነበር። ሬዲዮ አለ፤ ሞባይል አለ፤ የቤተ ክርስቲያን ደወልና አዛን አለ። ሰዓት የማያውቅ ሰው የለንም፤ ሰዓቱን የሚነግረን ነው ያጣን። አንዳንዱ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ቆጥሮ 8፡00 ብሎ ይጽፋል። ያ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው፤ እኛ ግን ከቀትር በኋላ ያለውን 8 ሰዓት ነው የምናነበው። በስድስት ሰዓት ተላለፍን ማለት ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው የአገልግሎት ማብቂያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «05/2026» የሚል ያነበበ የአገሬ ሰው፣ ዘንድሮ 2018 ነውና ገና ስምንት ዓመት አለው ብሎ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። መድኃኒቱ ግን በመጪው ግንቦት ያበቃለታል፤ አራት ወር ገደማ ነው የቀረው። ከልጅ የተረፈ ሽሮፕ፣ ከባል የተረፈ እንክብል በየቤቱ እንደዚህ ተቀምጦ አለ። ባለሙያው ካርቶኑ ላይ «እስከ ግንቦት 2018» ብሎ ቢጽፍበት ሁለት ቃል ነው። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር እስከ ዛሬ አለመለመዱ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ባለሙያዎች አስረድተናል ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ተናግረዋል። መጨረሻ ላይም «ገባዎት?» ብለው ጠይቀዋል። ታካሚውም «አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄዷል። እኛ ግን እንተዋወቃለን። ከበለሳ ወይም ከጭልጋ መጥቶ፣ ከበስተኋላው ሰልፍ ተደርድሮ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ የተማረ ሰው «ገባህ?» ሲለው «አልገባኝም» የሚል ገበሬ ስንት አለ? ይሉኝታው አያስችለውም። ባለሙያውን ማድከም፣ ከኋላው የቆመውን ማስቆም፣ ሰው ፊት አላዋቂ መባል ይከብደዋል። ስለዚህ «ገባዎት?» የሚለው ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ከዚያ ይልቅ እንዲህ ቢባልስ፦ «አባባ፣ በደንብ መናገሬን ልወቀው፤ ቤት ሲደርሱ ይህን እንዴት አድርገው ነው የሚወስዱት? እስቲ ይንገሩኝ።» ጥያቄው ባለሙያው የራሱን አነጋገር እንደሚፈትን ሆኖ ስለሚቀርብ አዛውንቱ አያፍሩም። ሲመልሱም የጎደለው ወዲያው ይታወቃል። ይህ አጠያየቅ በሕክምና ትምህርት የታወቀ መንገድ እንደሆነ፣ በየአገሩም እንደሚሠራበት አውቃለሁ። እኔም በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ ስጠቀምበት የኖርሁት ነው፤ ልጁ መልሶ እስኪነግረኝ ድረስ አስተምሬዋለሁ አልልም ነበር።

አጠራሩም ቢሆን ቸል አይባል። ለባለሙያዋ አያት የምትሆን እናት «አንቺ፣ ነይ ውሰጂ» ስትባል ሰምቻለሁ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው አንቱ ይባላል። የተከበረ ሰው ይጠይቃል፤ የተንጓጠጠ ሰው ዝም ብሎ ፌስታሉን ያነሣል።

ይህን ደብዳቤ አሁን እንድጽፈው ያስቸኮለኝ ጾሙ ነው። ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ቀን ይገባል፤ 55 ቀን ነው። ረመዳንም በዚያው ሳምንት ይጀምራል። ከተማችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ጊዜ የሚጾምበት ወቅት ነው። እስከ 9 ሰዓት ወይም እስከ ማፍጠሪያ ድረስ ምግብም ውሃም ሳይቀምስ የሚውል ሰው፣ ስኳር የሚቀንስ እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ ኪኒን ጠዋት ውጦ ቢወጣ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ይችላል። ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ይደናገራል፤ ራሱንም ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጉትም እንዲሁ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንዲህ የወደቀ ሰው «ዛር ነው፣ መንፈስ ነው» ሲባል በዓይኔ አይቻለሁ። ፈጥኖ ስኳር የሰጠው ሰው ባይገኝ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልወድም።

ታዲያ ባለሙያው «ይጾማሉ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ታካሚውም ራሱ አያነሣም። ይጾማል ብሎ መናገሩ ቁጣ የሚያመጣበት ይመስለዋል፤ አንዳንዴም ያመጣበታል። «መጾም የለብህም» ብሎ መገላገል አያዋጣም፤ ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ወጥቶ ይጾማል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ጠይቁት፤ የሚጾም ከሆነ መጠኑም ሰዓቱም ሊስተካከል የሚችል መሆኑን ሐኪሙ አይቶ ይወስን። መጾሙ አደገኛ የሆነበት ሰው ካለም ምክንያቱ ይነገረው፤ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር። ሕመምተኛ ከጾም ግዴታ ነጻ መሆኑን ካህናቱም ሼሆቹም ያስተምራሉ፤ ሰዉ ግን ይህን ከሐኪሙ አፍ ሲሰማው ነው ለካህኑ ጥያቄ ይዞ የሚሄደው።

ከጾሙ ጋር የሚያያዝ ሌላም አለ። ከመተማ፣ ከቋራና ከአርማጭሆ ቆላ ወባ ይዟቸው የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ኮአርተም የሚባለው የወባ ኪኒን ይሰጣቸዋል። የአዋቂው 24 ፍሬ ነው፤ አራት አራቱ በስድስት ጊዜ፣ በሦስት ቀን ያልቃል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ ይወሰዳል፤ ከዚያ ጠዋትና ማታ ነው። ሰውነት በደንብ እንዲቀበለው ደግሞ ቅባት ካለው ምግብ ጋር መወሰድ ይኖርበታል። በጾም ወተትም ቅቤም ለማይቀምስ ሰው «ከወተት ጋር ውሰድ» ብሎ መስጠት ባዶ ምክር ነው። ዘይት ያለው ሽሮ፣ ለውዝ፣ ኑግ ቢባል ግን ይገባዋል፤ ያደርገዋልም። ብዙዎቹ ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ሲለቃቸው የቀረውን ለጓደኛ ያተርፋሉ። ለ14 ቀን ፕሪማኩዊን የታዘዘለት ሰውማ በሳምንቱ ድኜያለሁ ብሎ ሥራ ላይ ነው። ይህኛው ኪኒን ጉበት ውስጥ ተደብቆ የቀረውን ወባ ለማጥፋት እንደሆነ፣ ካልጨረሰው በሽታው ከወራት በኋላ ሊነሣበት እንደሚችል ቢነገረው የሚጨርሰው ሰው ብዙ ነው። ምክንያት የተነገረው ሰው ይታገሣል።

ቡናውንም ላንሣ። ነፍሰ ጡር እናቶች የደም ማነስ መከላከያ የብረት ኪኒን ይሰጣቸዋል። ቤታቸው ገብተው ቡና ሲፈላ ከስኒው ጋር አንድ ላይ ይውጡታል። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዱታል፤ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ማራራቅ ይገባል። ዓይነ ምድር ሲጠቁርም ደም መሰለን ብለው የጣሉት እናቶች አሉ፤ መጥቆሩ ግን የብረቱ ነው። ሪፋምፒሲን የሚወስድ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚም እንዲሁ ሽንቱ ወደ ቀይ ብርቱካናማ ሲለወጥ ይደነግጣል። የስድስት ወር ሕክምና በድንጋጤ ሲቋረጥ መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ሊያስከትል ይችላል። የማያስደነግጠውን ለውጥ አስቀድሞ መናገር፣ የሚያስደነግጠውንም ለይቶ መናገር ያስፈልጋል፤ ፊት ቢያብጥ፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ቢወጣ፣ መተንፈስ ቢያቅት ሳይውል ሳያድር እንዲመለስ።

ስለ ሕፃናት ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። በዱቄት የሚሸጠው የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ቤት ውስጥ ተፈልቶ በበረደ ውሃ፣ ጠርሙሱ ላይ እስካለው መስመር ድረስ ይበጠበጣል። ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆየው ለተወሰነ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ይደፋል። «አንድ ማንኪያ» ሲባል የትኛው ማንኪያ? የሾርባውም ማንኪያ ነው፤ የስኳሩም ማንኪያ ነው። 5 ሚሊ ሊትር ማለት የት ድረስ እንደሆነ በመለኪያው ኩባያ ወይም በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ላይ በጣት ይታይ። ሌላው ለተቅማጥ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ነው። አንዱ ከረጢት ሙሉውን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀም ይደፋል። እናቶቻችን ግን ጥቂት ጥቂት በብርጭቆ እየበጠበጡ ይሰጣሉ፤ ውሃው ሲያንስ ጨው ይበዛበታል። በመስኮቱ ላይ ባዶ የአንድ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አስቀምጣችሁ ብታሳዩ ንግግርም አያስፈልግም። አብሮት የሚሰጠው ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን መሙላት እንዳለበትም ንገሯቸው።

በሰው ፊት የማይነገር መድኃኒትም አለ። በብልት ወይም በፊንጢጣ የሚገባ እንክብል የተሰጣት ሴት፣ ሰልፉ ሁሉ ጆሮውን አቅንቶ በሚሰማበት መስኮት «ይህ በአፍ አይደለም» ቢባልላት በእፍረት ትሰነጠቃለች፤ ስለዚህ አይባልላትም። ቤቷ ሄዳ ትውጠዋለች። የአባላዘር ሕመም መድኃኒት፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒትም እንደዚሁ በሹክሹክታ ይሰጣል። አንድ ጥግ፣ አንድ መጋረጃና ሁለት ወንበር ይበቃል። ለዚህ በጀት የለንም የሚለኝ ኃላፊ ካለ ወንበሩን ከሰፈራችን ሰው ለምኜ አመጣለሁ።

ጠበል የሚሄዱ ታካሚዎችን ደግሞ አትቆጡብን። ጎንደር ላይ ሰው ሲታመም ሁለቱንም ደጅ ይጠናል። በ1999 ዓ.ም. ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ «ጠበል ሲሄዱም ኪኒንዎን ይዘው ይሂዱ፤ አባቶችም ፈቅደዋል» ይላል። ይህችን የሰማ የሚጥል በሽታ ታካሚ መድኃኒቱን ሱባዔ ሲገባ አያቋርጥም፤ በድንገት ማቋረጡ ደግሞ ከበሽታው የከፋ መጣል እንደሚያመጣበት የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የባለሙያውን ችግር አላውቅም አልልም። አንድ ሰው በአንድ መስኮት ከጠዋት እስከ ማታ እልፍ ሰው ያስተናግዳል። የሐኪሙ ጽሕፈት አይነበብም። መድኃኒቱ አንዱ ተገኝቶ ሌላው ይታጣል፤ ታካሚውም የጎደለውን ፍለጋ ፒያሳና አራዳ ሲዞር ይውላል፤ በየመድኃኒት ቤቱም የተለያየ ነገር ይነገረዋል። መስኮቱ ራሱ ዝቅ ያለ ነው፤ ታካሚው አጎንብሶ፣ ባለሙያው በመስታወት ውስጥ ሆኖ ነው የሚነጋገሩት። በዚህ ሁሉ መካከል ቀስ ብለው፣ ፈገግ ብለው የሚያስረዱ ባለሙያዎች አሉ፤ በስም የማውቃቸውም አሉ፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው። ደብዳቤዬ በእነሱ ላይ የቀረበ ክስ አይደለም። መልካም የሚሠራ ሰው በራሱ ደግነት ብቻ እንዳይሠራው፣ ሥርዓት ሆኖ እንዲታዘዝለት ነው የምጠይቀው።

ሥርዓቱ ደግሞ ከባዶ የሚጀመር አይደለም። ከእኛው ክልል፣ ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተነሥቶ ወደ ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎች የተስፋፋው ኤፒቲኤስ የሚባለው አሠራር ማዘዣውን የሚመረምረውን፣ ዋጋ የሚያወጣውን፣ ገንዘብ የሚቀበለውንና መድኃኒቱን አስረድቶ የሚያስረክበውን ባለሙያ ለየብቻ አድርጎታል። የመጨረሻው ወንበር የተቀመጠው ለማስረዳት ነው። ሰልፍ ሲበዛ ግን መጀመሪያ የሚታጠፈው ያ ወንበር ነው። አይታጠፍ።

ማስረዳቱም ከመስኮቱ በፊት፣ ከሐኪሙ ክፍል ይጀምር። «ይህን ግዛ» ተብሎ ማዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ ይህ መድኃኒት የትኛውን ሕመም እንደሚያክም ሰውየው ይወቀው። ሌላ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ፣ የባህል መድኃኒት እንደቀመሰ፣ ፔኒሲሊን አለርጂ ሆኖበት እንደሚያውቅ፣ ሴት ከሆነችም እርጉዝ መሆኗ ይጠየቅ።

ይህ ሁሉ ከጎንደር ቢጠበቅ አይበዛባትም። በአውሮፓውያን 1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እዚህ ሲከፈት፣ በደምቢያ ብዙ ሕዝብ የጨረሰው የወባ ወረርሽኝ ሐዘኑ ገና አልወጣም ነበር። ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች የሠለጠኑት ገጠር ወርደው ከገበሬው ጋር ተቀምጠው እንዲያስረዱ ነው። ያ ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የፋርማሲ ተማሪዎችም አሉት። ተማሪዎቹ ለተግባር ልምምድ ሲወጡ ቢያንስ የተወሰነው ጊዜያቸው ታካሚ አጠገብ ተቀምጦ ማስረዳትና መልሶ ማስነገር ይሁን። ለሰልፉም ይረዳል፤ ለእነሱም ትምህርት ነው።

ከጤና መምሪያው የምጠብቀው ይህ ነው። በከተማዋ ያሉ መድኃኒት ቤቶች ሁሉ የሚጠቀሙበት አንድ ዓይነት አነስተኛ የአማርኛ ወረቀት ይታተም። የታካሚው ስም፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ለምን እንደታዘዘ፣ ስንት ፍሬ፣ በስንት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ፣ ለስንት ቀን፣ እስከ የትኛው ወርና ዓመት እንደሚያገለግል የሚሞላበት ባዶ ቦታ ይኑረው። ማንበብ ለማይችሉ የፀሐይ መውጫ፣ የቀትርና የጨረቃ ሥዕል ይኑርበት። ጥርጣሬ ሲገባን የምንደውልበት የመድኃኒት ቤቱ ስልክ ይጻፍበት። መምሪያው ለቁጥጥር ሲወጣ የፈቃድ ወረቀትና መደርደሪያ ብቻ አይይ፤ በር ላይ ቆሞ ከሚወጡት ሰዎች አንዱን «መድኃኒትዎን እንዴት ነው የሚወስዱት?» ብሎ ይጠይቅ።

ወረቀቱ እስኪታተም ጊዜ ይወስዳል፤ ይገባኛል። «ይጾማሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅና መልሶ ማስነገር ግን ማተሚያ ቤት አይፈልግም። ሁለቱ ጾሞች ሳይገቡ፣ እስከ የካቲት 9 ባሉት ቀናት በየመስኮቱ እንዲጀመር መምሪያው ለሁሉም ተቋማት የሰርኩላር ደብዳቤ እንዲጽፍልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። የጎረቤቶቼን ልምድ በአካል ቀርቤ እንዳስረዳ ከተፈለግሁም በማንኛውም ቀን እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጡ መምህር፣ የአዘዞ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለከተማችን የሃይማኖት አባቶች
ለየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች